ማመልከቻው ላይ የገባው ጥሩንባ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ጥሩንባውን ጻፈችው። ከሁሉም ነገር መርጣ ጥሩንባውን።

ማመልከቻው ላይ «ከትምህርት ውጭ የምትሠሪው» የሚል ክፍል አለ። ልጄ እመቤት የሒሳብ ክበብ ሰብሳቢ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ የታች ክፍል ተማሪዎችን ታስጠናለች። በሳይንስ ውድድር ተሸልማለች። ይህን ሁሉ ወደ ታች ደርድራ አንደኛ ላይ ያሰፈረችው «የሰፈራችንን ዕድር ጥሩንባ እነፋለሁ» የሚለውን ነው። ድርሰቱም ስለዚያው ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

አነበብኩት። እንግሊዝኛው ደህና ነው። ሁለት ቦታ አርሜላታለሁ። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ባልወጣ የምናገረውን አውቀዋለሁ።

ነገሩን በቅደም ተከተል ልጻፈው። ስናደድ ይረዳኛል።

የዕድራችን ጥሩንባ ነፊ ጎረቤታችን አያ ፈንቴ ናቸው። ሰው ሲሞት ሲነጋጋ ሰፈሩን እየዞሩ ይነፋሉ፤ በየማዕዘኑ ቆመው የሟቹን ስም አንዴ በአማርኛ አንዴ በአገውኛ ይጣራሉ። ዓምና የፊት ጥርሳቸው አለቀ። ጥርስ የሌለው ሰው ጥሩንባ አይነፋም፤ ከንፈሩ የሚደገፍበት ያጣል። እመቤት ከልጅነቷ ጀምሮ ከደጃቸው አትጠፋም ነበርና ተቀበለቻቸው። አሁን እሷ ትነፋለች፣ እሳቸው ይጣራሉ። ዕድሩም አይቶ እንዳላየ ዝም አለ። ሌላ የሚነፋ የለማ።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ቤት ስትሆን ደግሞ የጥሩንባውን አፍ በጨርቅ ወትፋ ዜማ ታወጣበታለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጓዳ የታፈነ ድምፅ ስሰማ ኖሬያለሁ። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ቀዳዳ የሌለው ቧንቧ ርዝመቱ የፈቀደለትን ድምፅ ብቻ ነው የሚሰጠው። አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ ለካሁት፤ አንድ ሜትር ከአሥራ ስምንት። አምስት ድምፅ፣ ቢበዛ ስድስት። በአምስት ድምፅ ምን ዜማ አለ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «አምስቱን ነው የምጫወተው» አለችኝ።

ምክትል ርዕሰ መምህራችን ምትኩ በመምህራን ክበብ ሰው በተሰበሰበበት «የጥሩንባዋ አባት» ብሎኛል። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከእሱ ጋር ከዚያ በፊትም አልነጋገርም ነበር።

ኮሌጁ ባሕር ማዶ ነው። ከተቀበሏት ሁሉን ነገር እነሱ ይችላሉ። ካልተቀበሏት እዚሁ ናት፤ እኔ እዚሁ እንደሆንኩት። ማመልከቻው የሚዘጋው በእኛ አቆጣጠር ሐሙስ ታኅሣሥ 23 ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

ድርሰቱን ራሴ ጻፍኩት። ጥሩንባው ወጥቶ ክራር ገባ።

ክራር ጨዋ ነገር ነው። ሙዚቃም ነው፣ ባህልም ነው፤ ሞት የለበትም። ባሕር ማዶ የተቀመጠ ሰው «የሞት ጥሩንባ ነፊ» የሚል ሲያነብ ምን እንደሚያስብ ለማወቅ ባሕር መሻገር አያስፈልግም።

እመቤት እስከ መጨረሻው አነበበችው። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

«አባባ፣ እኔ ክራር ይዤ አላውቅም» አለች።

«ትማሪዋለሽ።»

«መቼ?»

«አንዴ ከተቀበሉሽ ማን ያይሻል።»

«ያኔማ ነው የሚያዩኝ።»

ባለቤቴ የሺ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። «ክራሩን አንተ ልትመታላት ነው?» አለችኝ። አልሳቀችም። ቢላዋው ግን ቆም ብሏል።

ኢንተርኔት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ኔትወርክ ሲኖርም ከቤታችን ይልቅ ከሰፈሩ በላይ ዳገቱ ላይ ይሻላል። የባሕር ዳሩ መንገድም አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ሌላ ከተማ ሄዶ መላክ የሚባል ነገር የለም። ያለን እንጅባራ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

ማመልከቻው ግርጌ ላይ በትንሽ ፊደል እንዲህ ይላል፦ ሙዚቃ የጠቀሰ አመልካች የሁለት ደቂቃ ቅጂ ያያይዝ።

ትናንት አላየሁትም። ሃያ ስምንት ዓመት «መጀመሪያ መመሪያውን አንብቡ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

ያሉት መንገዶች፦

አንደኛው ክራሩንም አውጥቶ ሙዚቃ የሌላት ልጅ ማድረግ ነው። ግን የሒሳብ ክበብ ሁሉም አመልካች አለው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ልክ ናት።

ሁለተኛው ጥሩንባውን መመለስ ነው። አይሆንም።

ሦስተኛው ዳንግላ ነው። ዳንግላ ጌታነህ አለ። ዩኒቨርሲቲ አንድ መኝታ ክፍል ነበርን። ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ከሰዓት በኋላውን ክራር ሲመታ ያሳልፋል። ሁለት ደቂቃ ምን አላት።

ለየሺ የድሮ ጓደኛዬን ልጠይቅ ነው አልኳት። ለእመቤት ምንም አልነገርኳት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17፣ ዳንግላ

ጠዋት በሚኒባስ መጣሁ። ከመናኸሪያው ጌታነህ ቤት ድረስ በጋሪ። ፈረሱ ከባለጋሪው ይልቅ መንገዱን ያውቀው ነበር።

ጌታነህ አቅፎ ሳመኝ፣ ሽበቴን ቆጠረ፣ የመጣሁበትን ጠየቀ። ነገርኩት።

«እመቤት ክራር ትመታለች?»

«አትመታም።»

«ታዲያ ምን ትጫወታለች?»

ስልኬን አወጣሁ። አይቶኝ አይቶኝ ክራሩን ከግድግዳው አወረደ። ስልኬን ፊቱ አስቀምጬ ቀዳሁ። ሁለት ደቂቃ ልክ። ያማረ ነበር። ስልኩን አንስቼ ልዘጋው ስል፦

«ቆይ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «ስንት አውታር አለው?»

አላወቅኩም። ሁለት ደቂቃ ሙሉ አፍንጫዬ ሥር ሲመታ አይቼ አልቆጠርኩም።

«ስድስት» አለ። «ልጅህን እንዲህ ብለው ቢጠይቋትስ?»

ስልኩን ተጣድፌ ኪሴ ከተትኩት። ምክንያቱን እኔ አውቃለሁ። እሱ አያውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ስመለስ አንድም ሚኒባስ የለም። መንገድ ተዘግቷል። ተራ አስከባሪው «ዛሬ የሚወጣ የለም፣ ነገንም እንጃ» አለኝ። እኔ ላይ ያደረገው ይመስል ጮህኩበት። ለየሺ ደወልኩ። «ዳንግላ ነኝ፣ መንገዱ…» ስል ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ድምፅም የለው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18፣ ዳንግላ

መንገድ የለም። ስልክ የለም። የሰው ቤት።

ጌታነህና ባለቤቱ መልካም ሰዎች ናቸው፤ የሚያስቸግረው ደግነታቸው ነው። ምን ይምጣልህ፣ አረፍ በል፣ ብርድ ልብሱ ይበቃሃል። ሸሚዜ የትናንቱ ነው። መነጽሬ ክፈፉ ላልቷል። ጋዜጣ የሚነበብ የለም። የጋሪ ፈረስ ሲያልፍ ሰኮናውን እቆጥራለሁ። ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ለካሁት፤ ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። በሃያ ሁለት ጨርሼ እዞራለሁ።

ረፋዱ ላይ አንድ የምሥራች ሆነ። የጌታነህ አማች በፈረስ በውስጥ መንገድ ወደ እንጅባራ ሊሄድ ነው። ለጥር የፈረስ በዓል ፈረሱን እያለማመደ ነው፣ ርቀቱ ይስማማዋል አሉ። ማስታወሻ ደብተሬን ቀድጄ ጻፍኩ፦

«ደህና ነኝ። ጌታነህ ቤት ነኝ። መንገድ ሲከፈት እመጣለሁ። እመቤት ማመልከቻውን እንዳትነካ።»

ኮምፒውተር ባለበት ዘመን ደብዳቤ በፈረስ። ፈረሰኛው ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ሄደ።

አምስት ቀን ቀረ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19፣ ዳንግላ

ገብርኤል ነው። ጌታነህና ባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ ቀረሁ። ይህን የምጽፈው ብቻዬን ስለሆንኩ ነው፤ ለማንም ነግሬው አላውቅም።

ከሠላሳ ዓመት በፊት እኔም አመልክቻለሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ፣ ባሕር ማዶ። ውጤቴ ጥሩ ነበር። ፎርሙ «በትርፍ ጊዜህ ምን ትሠራለህ» ይላል። በትርፍ ጊዜዬ የማደርገው አንድ ነገር ነበር፤ ማፏጨት። ቀልድ አይደለም። ሰው ሲያፏጭ እንደሚሰማው አይደለም፤ ሁለት ድምፅ በአንዴ አወጣ ነበር፣ አንዱን በከንፈር አንዱን በጉሮሮ። የመኝታ ክፍሉ ልጆች መብራት ሲጠፋ አፏጭልን ይሉኝ ነበር። ግን ፉጨት ፎርም ላይ ይጻፋል? አንዱ «ቴኒስ በል፣ ፈረንጅ ቴኒስ ይወዳል» አለኝ። ቴኒስ አልኩ።

ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ። ሦስት ሰዎች ናቸው። ፊዚክሱን አልፌ ፈገግታ ጀምረን ነበር። አንደኛው፣ ለጨዋታ ያህል፣ የቴኒስ ነጥብ እንዴት እንደሚቆጠር ጠየቀኝ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አልኩ።

ሰውየው ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። አጭር ነበር። ከአሥራ አምስት እንደሚጀምር ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ አላፏጨሁም። ከዚያ ወዲህ ተማሪ ሲቀጥፍ ይዤ አለቅም። ሰው «መምህር ሐቀኛ ናቸው» ይላል።

አሁን ኪሴ ውስጥ የሌላ ሰው ክራር አለ።

ዛሬ ሌላ የተፈጠረ ነገር የለም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20፣ እንጅባራ

ሞቼ ነበር።

ከመጀመሪያው ልጻፍ። መንገዱ ጠዋት ተከፈተ። አራት ሰዓት ላይ እንጅባራ ወረድኩ። ባጃጅ ይዤ ወደ ሰፈር ስሄድ ሾፌሩ በመስታወቱ ደጋግሞ ያየኛል። ለልማዱ ልገሥጸው ስል «መምህር፣ እርስዎ ነዎት?» አለኝ። የድሮ ተማሪዬ ነው። «ማን ልሁን?» አልኩት። አማተበ።

በራችን ላይ የዕድሩ አግዳሚዎች ተደራርበዋል። ድንኳኑ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። የሺ ስታየኝ መጥታ ደረቴን በእጇ ገፋችኝ፣ ጠበቅ አድርጋ፣ ደጋግማ። ከዚያ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

የሆነው ይህ ነው።

እመቤት ማስታወሻዬን ቅዳሜ አገኘች። ማመልከቻውን እንዳትነካ የሚለውን አንብባ ነካችው። ክራሩን አውጥታ ጥሩንባውን መለሰች። ቅጂ ያስፈልጋታል። ታፍኖ የተቀዳ ጥሩንባ የሽንት ቤት ቧንቧ ይመስላል፤ ጨርቁን ማውጣት አለባት። ወደ ዘንገና ሐይቅ ወርዳ ሰው በሌለበት ልትነፋ አስባ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ብቻዋን ከከተማ አትወጣም ብላ እናቷ ከለከለች። ስለዚህ ለእናቷ ሳትነግር እሑድ ስድስት ሰዓት በግቢያችን ልትነፋ ወሰነች። አያ ፈንቴ አስቀድመው እየዞሩ «ልጅቷ ለትምህርቷ ልትነፋ ነው፣ ማንም አልሞተም» እንዲሉ ተስማሙ። አሉም። ቤት ለነበረ ሰው አሉ። ግማሹ ሰፈር ግን ገብርኤል ነበር።

እንግዲህ ሰው የሚያውቀው መምህሩ ዓርብ ዳንግላ እንደሄደና እንዳልተመለሰ፣ መንገዱም እንደተዘጋ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የሞት ጥሩንባ ሰማ። ከየት? ከመምህሩ ግቢ።

በአሥር ደቂቃ ውስጥ ግቢው ሞላ። ነጠላ ተዘቅዝቆ። የሺ ከገብርኤል ስትመለስ ሰው ወደ ቤቷ ሲሮጥ አየች። ማስታወሻዬ ቦርሳዋ ውስጥ ነበረ። እሷ ግን መርዶ እንዴት እንደሚደበቅ ታውቃለች። ሰው ከሞተ በኋላ «ደህና ነው» የሚል ወረቀት ተጽፎ ሲላክ አይታለች፤ ራሷም ለአክስቷ እንዲህ ያለ ወረቀት ጽፋ ነበር። «ጽሑፉ የሱ ነው፣ ግን ሳይሞት አስጽፈውት ይሆናል አልኩ» አለችኝ። መንገድ ላይ ወደቀች። ድንኳኑ ተተከለ። እመቤት አልሞተም፣ አልሞተም እያለች ብትጮኽ ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው ተባለ። አያ ፈንቴ በጥርስ አልባ አፋቸው ለእያንዳንዱ ሰው እስኪያስረዱ ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

ስለ እኔ ምን እንደተባለ ጠየቅኩ። ሙሉውን እንዲነግሩኝ አስገደድኩ፦

ቁጡ ነበር። (ሁሉም።)

የልጄን ወረቀት ሦስት ጊዜ አስደግሞ አርሞ ዩኒቨርሲቲ አስገብቶልኛል።

ሰላምታ ሲሰጥ ሰዓቱን ያይ ነበር።

ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ሳገባው ያፏጭ ነበር። (ይህ የሺ ናት። በለቅሶው መሐል። ታስታውሳለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።)

ከሁሉ የገረመኝ፣ መጀመሪያ የደረሰው ምትኩ ነው። ቆሞ አለቀሰ አሉኝ። ምትኩ። «ባላንጣዬን ቀማኝ» አለ አሉ።

ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ ግን መለየት አልቻልኩም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ዕድሩ ተሰበሰበ። እመቤትና አያ ፈንቴ ተከሳሽ፣ እኔ አባት። የዕድሩ ዳኛ አቶ ሙጨ ናቸው፤ አናጢ፣ ትዕግሥተኛ ሰው።

ዝም ብዬ ይቅርታ ብጠይቅ ያልቅ ነበር። እኔ ግን የመተዳደሪያ ደንቡን ይዤ ሄጄ «ያለ ሞት ጥሩንባ መንፋትን የሚከለክል አንቀጽ የለም» አልኩ።

አቶ ሙጨ ቀስ ብለው «መምህር፣ ማን ይነፋል ብለን እንጻፈው?» አሉኝ።

ሰው ሳቀ። ከዚያ ፈረዱ። ጥሩንባው ለጊዜው አቶ ሙጨ ቤት ይቆለፍበታል። እመቤት አትነፋም። አያ ፈንቴ አጎንብሰው ወጡ። ከበር ላይ ቆመው «የሠራሁት ጥፋት ነው፣ ግን ሰው ያልወጣለት ጥሩንባ ምኑን ጥሩንባ ይሆናል» አሉ፤ ለማን እንደሆነ አላወቅኩም።

ስለዚህ ሌላ ቅጂ አይኖርም። ያለው የእሑዱ ነው።

ቤት ገብተን አሰማችኝ። መጀመሪያ የታወቀው የሞት ጥሪ፣ ሦስት ጊዜ ረዘም ረዘም ብሎ። ከዚያ አምስቱ ድምፆች መላወስ ጀመሩ። ሁለት ዓመት በጨርቅ ታፍኖ የሰማሁት ይህ መሆኑን አላወቅኩም። ጥሪው ራሱ ነው፣ ግን የሚጠራው ወደ ለቅሶ ሳይሆን ወደ ሌላ ቦታ ነው። አምሳኛው ሰከንድ ላይ ውሻ ይጮኻል። በር ይንኳኳል። እግር፣ ብዙ እግር። «ማን ነው? ማን ሞተ?» የሚል ድምፅ። እመቤት መንፋቷን አላቆመችም፤ ደንግጣ ይሁን ምን አላውቅም። መጨረሻው ላይ የየሺ ጩኸት ከሩቅ።

«እዚህ ላይ ይቆረጥ» አልኩ፤ አምሳኛው ሰከንድ ላይ። «ድምፁ ንጹሕ አይደለም።»

«ሁለት ደቂቃ ነው የጠየቁት» አለች።

«ጫጫታ ነው።»

«አባባ፣ ጥሩንባው እኮ የሚሠራው ይህን ነው። ሌላው ክራር ነው።»

አልቆረጥኩትም። ኔትወርክም አልነበረም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 22

ኔትወርክ የለም። አንድ ቀን ቀረ። አንድ ክፍል አለ፣ አንድ ኮምፒውተር አለ፣ ሦስት ሰው ዙሪያውን ይዞራል። ትምህርት ቤት አስተምሬ ስመለስም እንደዚያው ነን።

ከሰዓት በኋላ ለእመቤት ስለ ቴኒሱ ነገርኳት። እንዴት እንደጀመርኩ አላስታውስም። የጌታነህን ክራርም አሰማኋት። ያማረ ነው አለች። ከዚያ ስልኬን ተቀብላኝ ቅጂውን አላጠፋችውም፤ መልሳ ሰጠችኝ። ራሴ አጠፋሁት።

«እውነቱን ቢጽፉ ኖሮ ይቀበሉዎት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አላውቅም። የሚያናድደኝም እሱ ነው።»

ድርሰቷን እንደገና አነበብኩት። በአንድ ቦታ እንዲህ ይላል፦ የመጀመሪያው ጥሪ ሰው ያነቃል፣ ሁለተኛው በር ያስከፍታል፣ ሦስተኛው ወዴት እንደሚሄዱ ይነግራል፤ እኔ የምነፋው ሰው ሦስተኛውን ጥሪ እስኪረዳው ድረስ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ያረምኳቸውን ሁለት የሰዋስው ስህተቶች ኮምፒውተሩ ላይ አስተካከልኩ። ሌላ አልነካሁም። ሁሉም ተሞልቶ ተቀምጧል። የቀረው ኔትወርክ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 23

አሁን ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ነው።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። አቶ ሙጨ ናቸው። ጥሩንባውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ታቅፈዋል። የሰፈራችን መነኩሲት እማሆይ ብርቄ ሌሊት አርፈዋል። «ሌላ የሚነፋ የለም» አሉ። ፊቴን አላዩም። «ልጅቷን ቀስቅሱልን።»

እመቤት ተነሥታ ነበር። ኮምፒውተሩን አየች፣ እኔን አየች። «ሂጂ» አልኳት። ከአያ ፈንቴ ጋር ወጣች።

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ኔትወርክ። ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቼ ቅጂውን መጫን ጀመርኩ። ከውጭ የመጀመሪያው ጥሪ ተሰማ። መስመሩ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ገባ።

የመጨረሻው ገጽ ላይ አንዲት ሣጥን አለች፦ ይህን ማመልከቻ ያዘጋጀሁት እኔ ራሴ መሆኔን አረጋግጣለሁ። ምልክት ማድረግና ስም መጻፍ ብቻ ነው። ጣቴ እዚያው ነበር። ማንም አያውቅም። ያኔም ቴኒስ ስል ማንም አያውቅም ብዬ ነበር።

ኮምፒውተሩን እንደተከፈተ ታቅፌ፣ ስልኩን ላዩ ላይ አድርጌ ሮጥኩ። ጥሩንባው ወዳለበት። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ሰው ከየበሩ ነጠላውን እያጣፋ ይወጣል፣ እኔን ያያል፣ ይደነግጣል።

«መምህር፣ ማን ነው?» አሉኝ አንዲት ጎረቤት።

«እኔ አይደለሁም። እማሆይ ብርቄ ናቸው።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሳቅ መሆኑን ትከሻቸው ነገረኝ።

ወፍጮ ቤቱ ማዕዘን ላይ ደረስኩባቸው። አያ ፈንቴ ስም እየተጣሩ ነው። እመቤት ከንፈሯ ቀልቷል። ኮምፒውተሩን ክንዴ ላይ ዘረጋሁላት።

«መመሪያውን አንብቢ» አልኳት።

አነበበችው፤ በእንዲህ ያለ ሰዓት። ምልክት አደረገች፣ ስሟን በአንድ ጣት ጻፈች፣ ላከች። አንድ ሰዓት ከአርባ ስምንት። ከዚያ ጥሩንባዋን አንሥታ ቀጠለች፤ ሦስተኛው ጥሪ ነበር።

ኮምፒውተሩ ላይ የመጠበቂያዋ ክብ ግን ትዞራለች፣ ትዞራለች። ኔትወርኩ ሳሳ። ዳገቱን ወጣሁ። ምትኩ ወደ ለቅሶው ሲወርድ አገኘኝ። ቆመን ተያየን። ምን እንደሆነ አልጠየቀም። «ስልኩን ስጠኝ፣ እኔ እረዝማለሁ» አለ። ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆመ፤ ዘቅዝቆ የለበሰው ነጠላ እየተንሸራተተ።

አንድ ሰዓት ከሃምሳ አራት ላይ መልሱ መጣ። ማመልከቻዎ ደርሶናል።

ልጄ ታች ናት፣ ሰው ሁሉ ታች ነው፣ ሞት አለ። በዚህ ሰዓት መጮኽ አይቻልም፣ እጅ ማውለብለብም አይቻልም። ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ሰው ለእማሆይ መሰለው። እመቤት ቀና ብላ አየችኝ፣ ትንሽ ቆየች፣ ጥሩንባዋን ወደ አፏ መለሰች።

ከቀብር ስንመለስ አቶ ሙጨ ጥሩንባው እኛ ቤት ይቀመጥ አሉ። ያለ ሞት ለሚነፋ ደንቡ ላይ አንቀጽ እንዲጨመርም ተወስኗል፤ አርቃቂው እኔ ነኝ። ምትኩ ይገመግመዋል አሉ። ይገምግመው።

መልሱ የሚመጣው መጋቢት ነው። ላይቀበሏትም ይችላሉ።

ለጥሩንባው ሳሎን ግድግዳ ላይ ሚስማር መታሁ። ትንሽ ዘሟል። የሺ አይታዋለች። ነገ ነቅዬ አስተካክለዋለሁ። ወይም እንዲያው ይቆይ።